ለጋራ ሰነዳችን የቀረበ ረቂቅ፦ ዓለም አቀፍ ውድድር ወደ ድሬዳዋና ሐረር ለማምጣት ከመንግሥት የምንጠይቀው ድጋፍ

ከድሬዳዋ፣ የረቂቁ አቅራቢ

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣

ባለፈው ስብሰባ አብዛኞቻችሁ የአፍሪካ ዋንጫን ጉዳይ ማንሳታችሁ ተገቢ ነው። በ1968 ዓ.ም. ኢትዮጵያ 10ኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ስታስተናግድ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር የምድብ ጨዋታዎቻቸውን ያደረጉት በድሬዳዋ ሲሆን፣ ዋንጫውን የወሰደችውም ከዚሁ ምድብ ያለፈችው ሞሮኮ ናት። ይሁን እንጂ ብሔራዊ ቡድናችን በሰኔ 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈበትን የሜዳውን ጨዋታ ያደረገው፣ በአገሩ ደረጃውን ያሟላ ስታዲየም ባለመኖሩ፣ በማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር። የስታዲየም ደረጃ ጉዳይ በእኛ አቅም የሚፈታ ስላልሆነ፣ ጥያቄያችንን በእርሱ ላይ ብቻ ካንጠለጠልነው ለዓመታት ምላሽ ሳያገኝ እንዳይቀር እሰጋለሁ።

ስለዚህ ስታዲየም በማይጠይቅ ውድድር፣ ይኸውም ከድሬዳዋ ተነሥቶ ሐረር በሚያበቃ ዓለም አቀፍ የብስክሌት ውድድር እንድንጀምር ሐሳብ አቀርባለሁ። ሩዋንዳ በመስከረም 2018 ዓ.ም. በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያውን የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና በኪጋሊ ያስተናገደችው፣ አገር አቋራጭ ውድድሯን ለብዙ ዓመታት በመንግሥት ድጋፍ ካሳደገች በኋላ ነው። እኛም ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ በደንገጎ ዳገት ወደ ሐረማያ ደጋ የሚወጣ፣ በጫት ገበያዋ ከተማ በዓወዳይ በኩል አልፎ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ በተመዘገበው የጁገል ግንብ ሥር የሚጠናቀቅ መንገድ አለን። ብስክሌተኛ ለሚፈተንበትም ሆነ ካሜራ ለሚከተለው ውድድር ከዚህ የተሻለ መስመር በአገራችን መኖሩን እጠራጠራለሁ።

የፌዴራል መንግሥት ድጋፍ የግድ የሚሆንበት ምክንያትም ከዚሁ መንገድ ይመነጫል። መስመሩ ከድሬዳዋ አስተዳደር ወጥቶ የኦሮሚያ ክልልን ምሥራቅ ሐረርጌ ዞን አቋርጦ ወደ ሐረሪ ክልል ስለሚገባ፣ ከሦስቱ አንዳቸውም ብቻቸውን ለዓለም አቀፉ የብስክሌት ፌዴሬሽን ዋስትና ሊሰጡ አይችሉም። የጸጥታው ኃላፊነት፣ የቪዛው መፋጠን፣ ለብስክሌቶችና ለቀረጻ መሣሪያዎች የሚሰጠው ጊዜያዊ የቀረጥ ነጻ ፈቃድ ሁሉ የፌዴራል ፊርማ ይሻሉ። በሌላ በኩል ድጋፉ በዝግጅቱ ድምቀት ሳይሆን እንግዳው በሚያድርባቸው ሌሊቶች እንዲለካ እጠይቃለሁ፤ ጠዋት በአውሮፕላን መጥቶ ማታ የሚመለስ ተመልካች ለአስጎብኚውም ለባጃጅ ነጂውም የሚተርፈው ነገር የለም።

ከሐረር፣ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት

ረቂቁን እደግፋለሁ፤ ስለ ቀኑ አለመናገሩ ግን ያሳስበኛል። የድሬዳዋ ሙቀት የሚበርደው ከኅዳር እስከ የካቲት በመሆኑ ወቅቱ በዚያ መካከል መውደቁ አይቀርም፤ ሆኖም ታኅሣሥ 19 ቀን በሚውለው የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ሰሞን በሁለቱም ከተሞች አልጋ ስለሚጠፋና ዋጋውም ስለሚሰቀል፣ ውድድሩ ከዚያ በሳምንታት መራቅ ይኖርበታል። አንዳንዶቻችሁ ከሐረሪዎች የሹዋሊድ በዓል ጋር እናጣምረው ብላችኋል። ሹዋሊድ ከረመዳን በኋላ ያሉት ስድስት የጾም ቀናት ሲፈጸሙ የሚከበር በመሆኑ በየዓመቱ ቀኑ ቀደም እያለ ይመጣል፤ በፌዴሬሽን የጊዜ ሰሌዳ ሊታሰር አይችልም፤ ደግሞም የእኛ የአምልኮና የደስታ ጊዜ እንጂ የውድድር ማሟያ አይደለም።

ሌላው የዓወዳይ ጉዳይ ነው። የጫት መኪናዎች ቅጠሉ ሳይጠወልግ መድረስ ስላለባቸው መንገዱ ሙሉ ቀን ቢዘጋ ገበሬውና ነጋዴው የዕለት ገቢያቸውን ያጣሉ፤ ይህን ሳንጠቅስ የዞኑን አስተዳደር ድጋፍ ብንጠይቅ ቅሬታ እንጂ ፈቃድ አናገኝም።

ከድሬዳዋ፣ የረቂቁ አቅራቢ

እትዬ፣ ስለ ሹዋሊድ ያሉትን ሙሉ በሙሉ ተቀብዬ አንቀጹን እንደሚከተለው አሻሽያለሁ፦

«ውድድሩ በጥር ወር እንዲካሄድ፣ የመንገዱ መዘጋት በማለዳ ጀምሮ ከቀትር በፊት እንዲያበቃና የጭነት መኪናዎች የሚያልፉባቸው ሰዓታት ከዓወዳይ ነጋዴዎች ጋር አስቀድሞ በስምምነት እንዲወሰኑ፣ የፌዴራል መንግሥትም ለአዘጋጅነት ጥያቄው የሚሰጠው ገንዘብ ተሳታፊዎች ከውድድሩ በፊትና በኋላ በሁለቱ ከተሞች ለሚያሳልፏቸው ሌሊቶች የተዘጋጀ ዕቅድ ከቀረበ ብቻ እንዲለቀቅ እንጠይቃለን።»

የቀሩን የአልጋ ቁጥር ዝርዝርና የሦስቱ አስተዳደሮች የድጋፍ ደብዳቤዎች ናቸው። የዓወዳይ አባሎቻችን ከነጋዴዎቹ ጋር ተነጋግረው ሰዓቱን እስኪያሳውቁን ድረስ ሰነዱን ለማንም እንዳንልክ አሳስባለሁ።