ትንሿ ውሻዬ ፀጉሯ ደርቆ ወዙ ጠፋ፤ ምን ላድርግላት?

ጥያቄ፦ የሉሉ አሳዳጊ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሉሉ የምትባል ነጭ፣ ፀጉሯ ረጅም የሆነ ትንሽ ውሻ አለችኝ። ዕድሜዋ አራት ዓመት ነው፣ ክብደቷ 4 ኪሎ። የሰጡኝ ሰዎች ማልቲዝ ከሌላ ዘር ጋር የተደባለቀች ናት ብለውኛል። ከጥር ወዲህ ፀጉሯ ወዙን አጥቶ እንደ ገለባ ደርቋል። ጀርባዋ ላይ ፎረፎር የመሰለ ነጭ ቅርፊት ይታያል፤ ከጆሮዋ ጀርባና ከብብቷ ሥር ደግሞ ፀጉሩ እየተቋጠረ ያስቸግረኛል። አልፎ አልፎ ታካለች፤ ነገር ግን ቁስል የላትም፣ ተመልጦ ባዶ የሆነ ቦታም አላየሁም። ትጫወታለች፣ በደንብ ትበላለች።

በየሳምንቱ ቅዳሜ አጥባታለሁ፤ መጀመሪያ በልብስ ሳሙና፣ ከዚያ እኔ በምጠቀምበት ሻምፖ። ምግቧ እኛ የምንበላው ነው፤ አሁን ዓብይ ጾም ስለሆነ እንጀራ በሽሮ፣ አንዳንድ ቀን ሩዝ። ከውጭ የሚመጣውን ደረቅ የውሻ ምግብ በየወሩ ለመግዛት አቅሜ አይፈቅድም። ጎረቤታችን ለጋ ቅቤ ቀቢያት ይሉኛል፤ አንድ ዘመድ ደግሞ ለሕፃናት የሚሰጠውን የዓሳ ጉበት ዘይት አጠጫት ብሎኛል። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ ውሻ ወዳድ ከገርጂ

እህቴ፣ ምግቡን ሌሎች ይነግሩሻል፤ እኔ ስለ ቅዳሜው እጥበት ልናገር። የልብስ ሳሙናው ዛሬውኑ ይቅር። የልብስ ሳሙና የሚሠራው ከጨርቅ ላይ ቅባት ጠርጎ እንዲያወጣ ነው። የውሻ ፀጉር የሚያበራው ደግሞ ከቆዳዋ በሚመነጭ ቅባት ነው። በየሳምንቱ ይታጠባል፣ ቆዳው ሳይተካው ቅዳሜ ተመልሶ ይመጣል። የሰው ሻምፖም ቢሆን ለእርሷ አልተሠራም፤ የሰው ቆዳ ወደ አሲድነት ያዘነብላል፣ የውሻ ቆዳ ግን አሲድነቱ ከዚያ ያነሰ ነው፤ የላይኛው ሽፋኑም ከእኛ በጣም የሳሳ ነው።

የውሻ ሻምፖ የእንስሳት መድኃኒት ቤቶች ውስጥ ይገኛል። ዋጋው አያስደንግጥሽ፤ በውኃ አቅጥነሽ ከተጠቀምሽበት ለአራት ኪሎ ውሻ አንድ ጠርሙስ ወራት ያስኬዳል። እስክታገኚ ድረስ ሽታ የሌለው የሕፃናት ሻምፖ በብዙ ውኃ በጥብጠሽ ልትጠቀሚ ትችያለሽ። እጥበቱም በሦስት ወይም በአራት ሳምንት አንዴ ይበቃታል። በመሀል እግሯ ቢቆሽሽ እግሯን ብቻ ለብ ባለ ውኃ አጥቢ። ቆዳዋ በጣም ካሳከካት የአጃ ዱቄት በለብታ ውኃ በጥብጠሽ አሥር ደቂቃ ያህል ቀስ እያልሽ አፍሺባት፣ ከዚያ አለቅልቂያት። ማለቅለቁን አደራ! ብዙ ሰው አረፋው ሲጠፋ ያቆማል፤ ከሥር የቀረው ሳሙና ግን ደርቆ ፎረፎር ይመስላል፣ ያሳክካልም። አረፋው ከጠፋ በኋላም ውኃውን ደጋግመሽ አፍሺባት።

አሁን ወደ ማበጠሪያው ልምጣ፤ ምክንያቱም ረጅም ፀጉር ባላት ውሻ ላይ ከሻምፖ ይልቅ የሚሠራው ማበጠሪያው ነው። በየቀኑ አበጥሪያት። የቆዳው ቅባት ራሱ አይራመድም፤ ከሥር ወደ ጫፍ የሚወስደው ብሩሹ ነው። ደረቁን ፀጉር እንዲሁ ከጎተትሽው ይበጠሳል፤ በመርጫ ጠርሙስ ትንሽ ውኃ እፍ አድርጊበት፣ ከዚያ ፀጉሩን በእጅሽ ከፍለሽ ከጫፉ ጀምረሽ ወደ ሥሩ ውረጂ። የተቋጠረውን ከመታጠቧ በፊት ፍቺ፤ ቋጠሮ ከረጠበ ይጠብቃል። የበቆሎ ስታርች ነስንሰሽ በጣትሽ ብትፈታትኚው ይላላል። በመቀስ መቁረጥ የግድ ከሆነ በቆዳዋና በቋጠሮው መካከል የብረት ማበጠሪያ አስገቢ፤ የእነዚህ ውሾች ቆዳ ቋጠሮውን ተከትሎ ይሳባልና በቀላሉ ይቆረጣል። ካጠብሻት በኋላ በፎጣ አትሺያት፣ ጨምቂያት። የፀጉር ማድረቂያ ከተጠቀምሽ ለብ ባለው ብቻ፣ ራቅ አድርገሽ።

መልስ፦ አባ ውቤ ሠፈር

ልጄ፣ የጎረቤትሽን ምክር ከበጎ ልብ ነውና አትንቂው፤ ቅቤ ለሰው ፀጉር ያረገውን ሁላችንም እናውቃለን። ለውሻ ግን አይሆንም። ሰው ቅቤ ተቀብቶ ሻሽ ያስራል፤ ውሻ ተቀብታ አቧራ ላይ ትንከባለላለች። ቀሪውን ደግሞ ትልሰዋለች፣ ለትንሽ ውሻ ያን ያህል ቅባት በአንድ ጊዜ ሆዷን ይረብሻል፤ ቆሽቷንም ሊያስቆጣ ይችላል።

እኔ የምለው ሌላ ነው። ጥያቄሽን ሳነበው ልቤ የቀረው ጾሙ ላይ ነው። በየቤቱ ያለ ውሻ በዓብይ ጾም አብሮን ሃምሳ አምስት ቀን ይጾማል፣ ማንም አያስተውለውም። የፍስክ ትራፊ ሲቋረጥ ውሻው ከሥጋ፣ ከአጥንትና ከወተት ይለያያል። የነነዌ ከብቶች ጾመዋል የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ ያ ግን የንጉሥ አዋጅ ነበር፣ ለጥቂት ቀናት። ለውሻ ጾም አልተደነገገም። አንቺ ጹሚ፣ እርሷን አብያት።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም (ቢሾፍቱ)

ጠያቂዋ ስለ ምግቧና ስለ እጥበቷ በዝርዝር መጻፍዎ ሥራዬን አቅልሎልኛል። የአባን ሐሳብ እደግፋለሁ፤ ምክንያቱን ልጨምር።

ፀጉር ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው። ውሻ በየቀኑ ከሚያስፈልገው ፕሮቲን ሩብ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ የሚወስዱት ቆዳና ፀጉር ናቸው። ምግቡ ሲያንስ ሰውነት ፕሮቲኑን ለልብ፣ ለጉበትና ለጡንቻ ያስቀድማል፤ ፀጉር መጨረሻ ይደርሰዋል። ስለዚህ ውሻዋ እየተጫወተች፣ ሆዷም ጠግቦ፣ ፀጉሯ ብቻ ሊደርቅ ይችላል። ሁለተኛው ነገር ዚንክ ነው። እህልና ጥራጥሬ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው፤ ዚንኩን ይዞ አንጀት እንዳይወስደው ያደርጋል። ምግባቸው እህል ብቻ የሆኑ ውሾች ቆዳቸው የሚቀረፈው አንዱ በዚህ ነው። ሦስተኛው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ቅባት ነው፤ ውሻ በራሱ ሰውነት ሊሠራው አይችልም፣ ከምግብ ማግኘት አለበት። በየቤታችን ያለው የሚረጋው የፓልም ዘይት ይህን ቅባት የያዘው በጥቂቱ ነው፤ የሱፍ ዘይት ግን በብዛት አለው።

ሉሉ በቀን የሚያስፈልጋት ኃይል ወደ 300 ካሎሪ ነው፤ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ አያስወድድም። በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም የተቀቀለ፣ አጥንት የሌለው ዶሮ ወይም ቀይ ሥጋ ይስጧት። ሥጋ በሌለበት ቀን አንድ የተቀቀለ እንቁላል ይተካል። እንቁላሉ ጥሬ አይሁን፤ ጥሬው ነጩ ክፍል ባዮቲን የተባለውን ቫይታሚን ያስራል፣ ባዮቲን ደግሞ ለፀጉር የሚፈለግ ነው። ከሩዙ ላይ የሻይ ማንኪያ ግማሽ የሱፍ ዘይት ይጨምሩ፤ በጠብታ ጀምረው በሳምንት ውስጥ ከፍ ያድርጉት፣ አለበለዚያ ያስቀምጣታል።

ሽሮውን ግን ያቁሙ። ጥፋቱ የሽምብራው ወይም የባቄላው አይደለም፤ ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ናቸው። ሁለቱም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፣ ማብሰል መርዛቸውን አያጠፋውም። ምጥን ሽሮ ከሆነ ደግሞ ወጡ ውስጥ ባይጨመርም ዱቄቱ ውስጥ አለ።

የዓሳ ጉበት ዘይት ያሉትን ተጠንቀቁ። ቫይታሚን ኤ እና ዲ የበዛበት ነው፤ ሁለቱም ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ፣ ለ4 ኪሎ ውሻ ከመጠን ማለፍ ቀላል ነው። የሚፈለገው ከዓሳው ሥጋ የሚወጣው ዘይት ነው፣ ኦሜጋ 3 ተብሎ በካፕሱል የሚሸጠው። ከዕቃው ጀርባ ኢፒኤ እና ዲኤችኤ (ሁለቱ የዓሳ ኦሜጋ 3 ዓይነቶች) የሚሉትን ቁጥሮች ይደምሩ፤ ለእርሷ በቀን ከ200 እስከ 300 ሚሊ ግራም ይበቃል። ሌላ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ወይም ቀዶ ሕክምና ካለባት አስቀድመው ሐኪሟን ያማክሩ። ተልባም ጥሩ ቅባት አለው፤ ውሻ ግን የተልባውን ኦሜጋ 3 ወደሚጠቅማት ዓይነት የምትለውጠው በጥቂቱ ነው፤ የዓሳውን አይተካም።

መልስ፦ ከአዳማ

እኔ ደግሞ ቁንጫውን እዩ እላለሁ። ነጭ ወረቀት አርጥባችሁ ዘርጉ፣ ውሻዋን በጥቅጥቅ ማበጠሪያ ወረቀቱ ላይ አበጥሩ። የወደቀው ጥቁር ብናኝ ወረቀቱ ላይ ቀይ ቡናማ ሆኖ ከተሰራጨ የቁንጫ ኩስ ነው፣ የተፈጨ ደም ማለት ነው። ቁንጫውን ራሱን ባታዩትም አለ። በእኛ ሠፈር እከክ የያዘውን ውሻ በነጭ ጋዝ ወይም በተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡታል፤ ትንሽ ውሻ ላይ ይሠራ ይሆን?

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም (ቢሾፍቱ)

በፍጹም! በትልቅም በትንሽም ውሻ ላይ አይደረግ። ነጭ ጋዝ ቆዳ ያቃጥላል፣ ሲላስ ወደ ሳንባ ይገባል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከባድ ብረቶችና መርዛማ ኬሚካሎች አሉበት፤ ውሻው እከኩ ሳይሆን መርዙ ይገድለዋል። ለከብት መዥገር የሚረጨውን መድኃኒት በግምት በጥብጦ ማጠብም ከዚህ አይለይም፤ ለ300 ኪሎ ላም የተሠራ መጠን ለ4 ኪሎ ውሻ አይገመትም። የቁንጫ ወረቀቱ ፈተና ግን ትክክለኛ ነው፣ ይሞክሩት። ቁንጫ ከተገኘ በክብደቷ ልክ የተዘጋጀ የውሻ መድኃኒት ይግዙ፤ ድመት አብራ የምትኖር ከሆነ ለሻጩ ይንገሩ፣ ለውሻ የሚሸጠው ፐርሜትሪን የተባለው የቁንጫ መድኃኒት ድመትን ይገድላልና። የምትተኛበትን ጨርቅም በፈላ ውኃ ይጠቡት።

ጠያቂዋ፦ የሉሉ አሳዳጊ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የወረቀቱን ፈተና አደረግሁ፤ ቀይ ነገር አልታየም። ልብስ ሳሙናውንም ትቻለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ። እናቴ የጾም ድስት እንዳይነካ ስለምትፈልግ ሥጋና እንቁላል ማብሰል ይከብደኛል፤ የሠፈራችን ሥጋ ቤትም ተዘግቷል። ደግሞስ በስንት ጊዜ ለውጥ አያለሁ? ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

መልስ፦ እናት ከአዲሱ ገበያ

የእኔ ልጅ፣ ለውሻዋ አንዲት ትንሽ ድስትና አንድ ማንኪያ ለይተሽ ግዢ፤ እናትሽም አታዝንም፣ አንቺም አትሳቀቂም። እኔ ቤት እንዲሁ ነው የሚደረገው፣ ለብቻው በከሰል ምድጃ በረንዳ ላይ ይበስላል። እሑድ የሳምንቱን ዶሮ ቀቅለሽ፣ አጥንቱን ለቅመሽ፣ በትንንሽ ላስቲክ ከፋፍለሽ በረዶ ቤት አስገቢው። የሙስሊም ሥጋ ቤቶች በጾማችን ክፍት ናቸው። ዓሳም ከዝዋይና ከሐዋሳ የሚመጣው ይገኛል፤ ቆሮሶውን ቀቅለሽ እሾሁን አንድ በአንድ አውጪ። ጨው፣ በርበሬ፣ ሽንኩርት ምንም አትጨምሪ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ደግሞ በጭራሽ አትስጪያት፣ ተሰንጥቆ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም (ቢሾፍቱ)

በእናት ምክር ላይ አንድ ልጨምር፤ ከሥጋ ቤት ርካሽ ነው ተብሎ ጥሬ ሳንባና ጉበት አይውሰዱ። በአገራችን ከብትና በግ ሳንባና ጉበት ላይ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ውሻ ጥሬውን ስትበላው የኮሶ ዓይነት ትል በአንጀቷ ይፈላል፣ እንቁላሉ ደግሞ ከውሻዋ ወደ ቤተሰብ ተላልፎ ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ተመሳሳይ ከረጢት ያወጣል። ከረጢት የታየበት ይጣል፣ ጤነኛውም በደንብ ይቀቀል፤ ጉበትም ቢሆን በሳምንት አንዴ ትንሽ ቁራጭ ይበቃል። የትል መድኃኒትም በየሦስት ወሩ ይስጧት።

ለውጡን በተመለከተ፣ ቅርፊቱ በሁለትና በሦስት ሳምንት ይቀንሳል። ፀጉሩ ግን የደረቀው ተመልሶ አይለመልምም፤ አዲሱ ከሥሩ ማደግ አለበት። ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይታገሱ። ፀጉሯ እንዲረዝም ብለው በምላጭ አይላጯት፣ አስፈላጊ ከሆነ ማሳጠር ብቻ። ምግቡን ለረጅም ጊዜ ቤት ውስጥ የሚያዘጋጁ ከሆነ ካልሲየም ይጎድላታል፤ መጠኑን ስትመረመር እንነጋገርበታለን።

ስምንት ሳምንት ሳይጠብቁ ሐኪም ጋ የሚሄዱት እነዚህን ሲያዩ ነው፦ እንቅልፍ የሚያሳጣ እከክ፣ በተለይ በጆሮ ጫፍና በክርን ላይ፤ ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ፤ ወይም ከቤተሰቡ ሰው ማሳከክና ጭርት ሲጀምረው። እከክና ጭርት ከውሻ ወደ ሰው ይተላለፋሉ። ውኃ አብዝታ የምትጠጣ፣ ሆዷ የሚንጠለጠል፣ ብዙ ሳትበላ የምትወፍር፣ የሁለቱ ጎኖቿ ፀጉር እኩል የሚሳሳ ከሆነም የሆርሞን ሕመም ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልጋታል። ቢሾፍቱ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ክሊኒክ አለው፤ ቆዳ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ሊያመጧት ካሰቡ ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት አይጠቧት፣ ምንም አይቀቧት፤ የምንፈልገው ማስረጃ በውኃው አብሮ ይሄዳልና።