ፓሌርሞ ያለው «ኮርሶ ቱኮሪ» በማን ስም ነው?

የባላሮው ልጅ፦
ሰላም ለቤቱ። የምኖረው ፓሌርሞ፣ ባላሮ ገበያ አጠገብ ነው። ዘወትር የማልፍበት ጎዳና ኮርሶ ቱኮሪ ይባላል። የጣሊያን ስም አይመስልም። ጎረቤቶቼም «ጣሊያንን አንድ ለማድረግ የተዋጋው የጄኔራል ጋሪባልዲ ሰው ነው» ከማለት አያልፉም። የሚያውቅ አለ?

አንድ አንባቢ፦
የሃንጋሪ ጄኔራል ነው። ኋላ የግሪክን የቆሮንቶስ ቦይ ያስጀመረው እሱ ነው።

መቶ አለቃው፦
አይ ወዳጄ፣ ቦዩን ያስጀመረው ኢሽትቫን ቱር ነው፤ እሱ እስከ 1908 ኖሯል (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ላዮሽ ቱኮሪ ግን በ30 ዓመቱ እዚያው ፓሌርሞ ቀረ። እኔም ወታደር ስለነበርኩ ይመስለኛል፣ ከቱር ይልቅ የሱ ነገር ይበልጥ ይይዘኛል።

በ1848 ሃንጋሪ በኦስትሪያ ላይ ስትነሳ ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበር። በዓመቱ የሩሲያው ዛር ጦር ለኦስትሪያ ደርሶ አብዮቱን ሲደመስሰው ወደ ቱርክ ተሰደደ። በክራይሚያ ጦርነት ጊዜ ካርስ ምሽግ ላይ ከቱርኮች ጋር ሆኖ እነዚያኑ ሩሲያውያን ገጠመ። ቂሙን አልረሳም ማለት ነው!

ግንቦት 27 ቀን 1860፣ የጰራቅሊጦስ እሑድ ንጋት ላይ፣ የጋሪባልዲን ግንባር ቀደም ጦር እየመራ ወደ ፓሌርሞ ገሰገሰ። ሐሳቡ ያኔ ሲሲሊን ይገዛ የነበረውን የናፖሊ ንጉሥ ጦር በድንገት መያዝ ነበር፤ የሲሲሊ ወዶ ዘማቾች ግን ያለጊዜው ጮኸው ተኮሱና ነቃባቸው። በአድሚራሉ ድልድይ ጥይት እግሩን መታው፤ እግሩ ቢቆረጥም አልዳነም። የሞተው ሰኔ 6 ነው፤ የናፖሊ ንጉሥ ጦር ከተማዋን ለቆ ለመውጣት የፈረመውም በዚያው ቀን ነው። ከናፖሊ ባሕር ኃይል ከድታ የመጣች አንዲት የጦር መርከብም በስሙ ተጠራች።

ድልድዩን ኮርሶ ዴይ ሚሌ ላይ ታገኘዋለህ። ወንዙ አቅጣጫው ስለተቀየረ ዛሬ ከስሩ ውሃ የለም።

የባላሮው ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ግን የሰው አገር ጦርነት ውስጥ ምን አገባው?

መቶ አለቃው፦
ጠላታቸው አንድ ነበር። የሰሜን ጣሊያኖቹ ቬኔቶና ሎምባርዲያ በኦስትሪያ እጅ ነበሩ፤ ስደተኞቹ ሃንጋሪያውያን ጣሊያን ኦስትሪያን ካዳከመችልን ተራው የኛ ነው ይሉ ነበር። በ1859 ፈረንሳይ ከጣሊያኖቹ ጋር ሆና ኦስትሪያን ስትወጋ ተስፋቸው ለመለመ፤ ግን የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ሳልሳዊ ናፖሊዮን ቪላፍራንካ ላይ ከኦስትሪያ ጋር በድንገት ታረቀና ሜዳ ላይ ቀሩ። በዓመቱ ጋሪባልዲ ለሲሲሊ ሲነሳ እነቱርና ቱኮሪ አብረው የተሳፈሩት ሌላ በር ስላልቀራቸው ነው።