አስቸኳይ፦ ከዓባይ ድልድይ ወደ ደጀን ስወጣ ላንድክሩዘሩ ፈላብኝ

የአውድማው ልጅ፦
እርዱኝ ወገን! ኩራር አጠገብ መንገድ ዳር ቆሜያለሁ። ድልድዩን ተሻግሬ ዳገቱን እንደያዝኩ የሙቀት ጌጁ ሽቅብ ወጣ፣ ቀዩ ጋ ሊደርስ ሲል ጥግ ይዤ አጠፋሁት። ውሃው በሪዘርቫው (በትርፍ ውሃ መያዣው) በኩል ገንፍሎ ፈሰሰ። መኪናው የድሮ ላንድክሩዘር ፒካፕ ነው፣ ሞተሩ ዋን ኤች ዜድ ናፍጣ። ከኋላ የጤፍ መውቂያ ማሽን እየጎተትኩ ነው። ነገ ጠዋት ቢቸና ይጠብቁኛል። ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር የሚከፍትለት) ነው የተበላሸው፤ እንዴት አድርጌ ላውጣው? ቁልፍ ይዣለሁ።

ዳሞት፦
አውጥተህ ጣለው። ለኛ አገር ቴርሞስታት ምን ያደርጋል? ብሎኖቹን ፈትተህ፣ አውጥተህ፣ መልሰህ ማሰር ነው።

ባለ ቁልፉ፦
ወንድሜ፣ እንዳትነካው። የራዲያተሩን ክዳንም አሁን እንዳትከፍት፣ ፊትህን ይልጥሃል። የላይኛውን ማኒኮቶ (የራዲያተሩን የውሃ ጎማ) በጨርቅ ይዘህ ጨመቅ አድርገው፤ ጠጥሮ ከሆነ ገና ግፊት አለው። ለስልሶ፣ በእጅህ የሚያዝ እስኪሆን ጠብቅ። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስ። ይህ ሞተር ጠንካራ ነው፣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ግን ከመጠን በላይ ከጋለ ይሰነጠቃል፤ ያኔ ከቢቸናው ሥራ የበለጠ ወጪ ይጠብቅሃል።
ቴርሞስታቱን በተመለከተ፣ የብዙ ቶዮታ ቴርሞስታት ሲከፈት በሌላ ጎኑ ባይፓሱን፣ ማለትም ራዲያተሩን ዘሎ የሚያልፈውን የውሃ መንገድ፣ ይዘጋል። ካወጣኸው ባይፓሱ ክፍት ይቀርና ከፊሉ ትኩስ ውሃ ራዲያተር ሳይነካ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። ዳገት ላይ ይብስብሃል።
አሁን ንገረኝ፦ ባዶውን ስትነዳው ይሞቃል? ቆሞ ሲሠራስ? ሰሞኑን ውሃ ይጎድልበት ነበር?

ጮቄ፦
ሁላችሁም ስለ ከፍታው ረሳችሁ። ድልድዩ ያለበት ቦታ ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል፣ ደጀን ደግሞ 2,400 አካባቢ ነው። ይህንን ሁሉ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምትወጣው፣ ያውም ከቆላው ሙቀት ተነስተህ። ደጀን ላይ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ክዳኑ ጤነኛ ከሆነ ግፊቱን ስለሚይዝ ከ110 በላይ ካልደረሰ አይፈላም። ስለዚህ የክዳኑን ጎማ ተመልከት፤ ደርቆ ከተሰነጠቀ፣ ሞተሩ ያን ያህል ሳይሞቅ ውሃውን ይተፋዋል። ሌላው፣ የወንዝ ውሃ እየቀዱ መሙላት ራዲያተሩን በዝገትና በጨው ይደፍነዋል። ኩላንት ተጠቀሙ ብዬ ስንት ጊዜ ተናገርኩ፣ የሚሰማ ጠፋ እንጂ።

የአውድማው ልጅ፦
ባዶውን አይሞቅም፣ ቆሞም አይሞቅም። ውሃም አልጎደለበትም። ጋሼ፣ ታዲያ ቴርሞስታት ካልሆነ ምንድን ነው?

ማርቆስ ተራ፦
ራስህ መለስከው እኮ። ቴርሞስታቱ ተዘግቶ ቢቀር ባዶውንም ይሞቅ ነበር። አንተ ብልሽት ትላለህ፣ እኔ ጭነት ነው እላለሁ። ያ መኪና ቱርቦ የለውም፣ ከፍታ ላይ ጉልበቱ ይቀንሳል። ዳገቱን በስንተኛ ማርሽ ነው የያዝከው? በከባድ ማርሽ እያስጨነቅኸው ከሆነ ፋኑም የውሃ ፖምፓውም በዝግታ ነው የሚዞሩት።

የአውድማው ልጅ፦
በ4ኛ ጀምሬ 3ኛ አስገባሁ። ግን አምና በዚሁ መኪና ይህንኑ ማሽን ይዤ በዚሁ ዳገት ወጥቻለሁ፣ ጌጁ ንቅንቅ አላለም። ጭነት ነው ብትለኝ አልቀበልም።

የቢቸናው፦
አይዞህ፣ ማሽኑ ከቀረ በበሬ እናበራያለን፤ በሬ ራዲያተር የለውም 😄
ለመሆኑ ማሽኑን ያን ሰሞን የት ስታሠራ ከረምክ? መኪናው አውድማ ዳር ሞተሩ ሳይጠፋ ከዋለ፣ ፋኑ እብቁን ስቦ ራዲያተሩ ላይ ይለጥፈዋል። ከፊት ሲያዩት ንጹሕ ይመስላል። ኤሲ ካለው በኮንደንሰሩና (ከራዲያተሩ ፊት ባለው የኤሲው ክፍል) በራዲያተሩ መሀል በባትሪ አብርተህ ተመልከት።

ዳሞት፦
እኔ አሁንም ቴርሞስታቱን አውጣው ነው የምለው።

የአውድማው ልጅ፦
የቢቸናው፣ ተባረክ! እንሳሮ ወር ሙሉ ስንወቃ ነው የከረምነው። መሀሉ ላይ እብቁ እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፏል፣ ከዘይትና ከአቧራ ጋር ተቦክቶ ደርቋል። ከሞተሩ በኩል ሳበራ ብርሃኑ ወደ ፊት አያልፍም። በምን ላውጣው?

ባለ ቁልፉ፦
በጣም ጥሩ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የኮንደንሰሩን ማሰሪያ ፈትተህ ወደ ፊት ጋደል አድርገው፣ ቧንቧዎቹን ግን አትፍታ። የላላውን በለስላሳ ብሩሽ፣ ከላይ ወደ ታች ክንፎቹን ተከትለህ ጥረግ፤ ወደ ጎን ከፈተግኸው ይታጠፋሉ፣ ከታጠፉም አየር አያሳልፉም። ከዚያ ውሃ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት አፍስስ። አየሩ ያስገባው ስለሆነ፣ በተቃራኒው ካልገፋኸው ይበልጥ ይጠቀጠቃል። የመኪና ማጠቢያ ግፊት አያስፈልግም።
እዚያው እያለህ ሌላ ነገር እይ። ሞተሩ ጠፍቶ ፋኑን በእጅህ አዙረው። ያዝ ሊያደርግህ ይገባል። ገፋ ስታደርገው ብቻውን የሚሽከረከር ከሆነ፣ ወይም ከመሀሉ ዘይት ያዛለ ከሆነ፣ የፋኑ ክላች (ፋኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው) ሞቷል።
ጋርኒሲዮኑንም (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) ሳታይ አትነሳ። ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑን ከፍተህ፣ ውሃ ሞልተህ አስነሳው። አረፋው ገና ከመነሻው ጀምሮ ሳይቋረጥ ከተንቦጫቦጨ፣ የተቃጠለ ጋዝ ውሃው ውስጥ እየገባ ነው፤ ያኔ አትንዳው።

የአውድማው ልጅ፦
አረፋ የለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እብቁ በባልዲ ነው የወጣው። ፋኑ ግን ብዙም አይዝም፣ ስገፋው ሁለት ዙር ይሄዳል። አሁን በዚህ ዳገቱን ልውጣው?

ባለ ቁልፉ፦
ማሽኑን ይዘህ አትውጣ። ፋኑ ደክሟል፣ ዳገት ላይ በቀስታ ስትሄድ ደግሞ አየር የሚስብልህ እሱ ብቻ ነው። ማሽኑን እዚያው ሰው አስጠብቀህ፣ ባዶውን በ2ኛ ማርሽ ሞተሩን ሳታስጨንቅ ደጀን ግባ። ኤሲውን አጥፋ፣ የካቢን ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈተው፤ ላብ በላብ ትሆናለህ፣ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል። ጌጁ ከመሀል ካለፈ ቁም። ደጀን ካጣህ ደብረ ማርቆስ የፋን ክላች አታጣም። ቀይረህ ተመለስና ማሽኑን ጎትት።

ማርቆስ ተራ፦
እኔም ከጭነቱ ወርጄ ከጋሼ ጋር ነኝ። ሌሊት ግን አትጎትት።

የኩራር ልጅ፦
አንተ ወንድም፣ ማሽኑን መንገድ ዳር አታሳድር። አጎቴ ኩራር ነው ያለው፣ ሰፊ ግቢ አለው። የት ጋ እንደቆምክ በውስጥ ጻፍልኝና ደውዬ ሰው እልክልሃለሁ።