«ጊዜ የማይሽረው» ስንል ምን ማለታችን ነው? ስለ ሜንታሊስቶች ከተጻፈ ዓረፍተ ነገር የተነሣ ውይይት

ትርጉም ሠሪ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ስለ መድረክ ሜንታሊስቶች የተጻፈ አጭር ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሳለ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ቆሜአለሁ። ሜንታሊስት የሚባለው ከተመልካቾች መካከል አንዱን አስነሥቶ ያሰበውን ቁጥር፣ የልጅነት ጓደኛውን ስም ወይም በታሸገ ፖስታ ውስጥ ያስቀመጠውን ቃል የሚናገር የመድረክ ባለሙያ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ለጊዜው እንዲህ አስቀምጬዋለሁ፦ «ባለሙያዎቹ በየትውልዱ ቢለዋወጡም የሜንታሊስቱ ጥበብ ጊዜ የማይሽረው ነው።» ጥያቄዬ ሁለት ነው። «ሜንታሊስት» የሚለውን እንዳለ ከመተው የተሻለ የራሳችን ቃል አለን ወይ? ደግሞስ «ጊዜ የማይሽረው» ማለት ነገሩ ሳይለወጥ ይኖራል ማለት ነው ወይስ እየተለወጠም ቢሆን ቦታውን አይለቅም ማለት ነው? የጽሑፉ ባለቤት የሚለው ሁለተኛውን ይመስለኛል፤ ሐረጉ ግን ለአንባቢ የመጀመሪያውን እንዳያሰማ ፈራሁ።

መሪጌታ፦
ልጄ፣ ከመጀመሪያው ጥያቄህ እንነሣ። «አስማተኛ» እንዳትል፤ አስማት የስም ብዙ ቁጥር ነው፣ አስማተኛም ኅቡዕ ስሞችን እየጠራ ኃይል የሚሻ ሰው ነው። ያንተ ሰው ስም አይጠራም፤ የሰው ሐሳብ ዐወቅሁ ይላል እንጂ። «ጠንቋይ» ብትለውም አይሆንም፤ ጠንቋይ የሚመጣውን ይናገራል፣ ይህ ግን የሚናገረው አሁን በሰው ልብ ያለውን ነው። ትንቢተ ዳንኤልን ምዕራፍ 2 ተመልከት። ናቡከደነፆር አስማተኞቹንና መተተኞቹን ሰብስቦ የሕልሙን ፍቺ ብቻ ቢጠይቃቸው ኖሮ ባልጨነቃቸውም ነበር፤ እርሱ ግን ሕልሙን ራሱን ንገሩኝ አላቸው። ያን ጊዜ ይህን በንጉሥ ፊት የሚያሳይ ሰው የለም ብለው ቀሩ። እንግዲህ ሜንታሊስት የምትለው ሰው እነዚያ የንጉሡ ጠቢባን፣ ከለዳውያን፣ አንችልም ያሉትን በመድረክ እችላለሁ ብሎ የሚነሣ ነውና ከእነርሱ ስም አትዋስለት።

መድረክ ተመልካች፦
መሪጌታ እጅግ የሚጠቅም ልዩነት አመጡልን። ሆኖም አንድ ቃል ሳይነሣ እንዳይታለፍ። ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ በአሜሪካ እጅግ የታወቀው ክላውድ አሌክሳንደር ኮንሊን ነበር፤ ጥምጥም ጠምጥሞ፣ የመስታወት ሉል ፊቱ አስቀምጦ፣ ተመልካቾች ጽፈው ያሸጉትን ጥያቄ ሳይከፍት ይመልስ ነበር። በየከተማው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያው «አሌክሳንደር፣ የሚያውቀው ሰው» ይል ነበር። ይህን በአንድ ቃል በአማርኛ ስናስቀምጠው «አዋቂ» ነው። በአገራችንም ሰው ተጨንቆ «አዋቂ ቤት ሄደ» ስንል የምንጠቅሰው ያንኑ ዐይነት ሰው ነውና ቃሉ በእጃችን አለ።

ሰዋስው ወዳድ፦
ወንድሜ፣ «አዋቂ» ማለት ለአሌክሳንደር በትክክል ቢገጥምም ለሌሎቹ አይሆንም። አዋቂ ቤት የሚሄድ ሰው ያምናል፤ ቲያትር ቤት ትኬት ቆርጦ የሚገባው ግን ብልሃት እንዳለ ይጠረጥራል፣ የሚደሰተውም ጠርጥሮ ሳለ ብልሃቱ ስለሚያመልጠው ነው። ይህን ለአሁኑ ልተወውና ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልሂድ፣ የሰዋስው ነገር ያለው እዚያ ነውና። «ሻረ» በአማርኛ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው «ሹሙን ሻረው»፣ «ሕጉን ሻረው» ሲባል የምንሰማው ነው፤ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 «ልፈጽም እንጂ ለመሻር አልመጣሁም» የሚለውም ይኸው ነው። ሁለተኛው «ቁስሉ ሻረ» የሚለው ሲሆን መዳንን፣ መጠገንን ያመለክታል። «ጊዜ የማይሽረው» ከየትኛው እንደ ወጣ ሳንለይ ትርጉሙን መወሰን አንችልም።

መሪጌታ፦
ይህ ግልጽ ነገር ነው። ሰው ሁሉ «ጊዜ የማይሽረው ቁስል» ሲል ሰምተሃል፤ ሐረጉ ከቁስል የመጣ ነው። ጊዜ ቁስልን ያደርቃል፣ ሥጋ ይሞላል፣ ጠባሳም ይጠፋል። ጊዜ የማይሽረው ጥበብ ማለት ጊዜ አድርቆ ያላጠፋው፣ እንደ ትኩስ የሚሰማ ማለት ነው። እኔ ይህን ያገኘሁት ከመዝገበ ቃላት ገልጬ አይደለም፤ ከመምህራን አፍ የተቀበልኩት ነው።

ሰዋስው ወዳድ፦
ከአክብሮት ጋር እቃወማለሁ፣ መሪጌታ። ቁስል ራሱ ይሽራል፤ በዚህ ትርጉሙ ግሡ ተሳቢ አይቀበልም። አዳኙን ባለቤት ስናደርገው አድራጊ ግሥ እንፈልጋለን፤ «መድኃኒቱ ቁስሉን አሻረው»፣ «መድኃኒቱ ያሽራል» እንላለን። ስለዚህ ከቁስል ወገን ቢሆን ኖሮ ሐረጉ «ጊዜ የማያሽረው» ይሆን ነበር። እኛ የምንለው ግን «የማይሽረው» ነው፤ ጊዜ ባለቤት፣ ነገሩ ተሳቢ ሆኖ ግሡ ያለ «አ» ቆሟል። ይህ የሚሆነው ሹም በሚሻርበት ትርጉም ብቻ ነው። «ጊዜ የማይሽረው ቁስል» ሲባልም በእኔ አስተያየት ቁስሉ እንደ ተሾመ ሰው ታይቶ፣ ጊዜ ከሥልጣኑ ሊያወርደው አልቻለም ለማለት ነው።

መሪጌታ፦
የ«አ»ን ነገር አልክድም። ነገር ግን ሊቃውንት አንዱን ቃል «አንድም» እያሉ ብዙ ፍቺ ሲሰጡት ይኖራሉ፤ አንተ አንዱን አጽንተህ ሌላውን ለምን ትዘጋለህ? ተናጋሪው ሕዝብ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሰማል።

መድረክ ተመልካች፦
ክርክሩ ለትርጉም ሠሪው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሹም ሲሻር ሹመቱ ይቀራል፤ ወንበሩ አይሻርም፣ የተቀመጠበት ሰው ይነሣል እንጂ። በሜንታሊስቶች ታሪክ እየተሻረ የኖረው ምን እንደሆነ ብናይ ሐረጉ እውነት ይናገር እንደሆነ እንለያለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በ1846 ፓሪስ ላይ ዣን ኤዠን ሮቤር ኡደን ልጁን ዐይኑን ሸፍኖ ከመድረክ ያስቀምጠውና ራሱ በተመልካቾች መካከል እየሄደ የያዙትን ዕቃ ያነሣ ነበር፤ ልጁም ዕቃውን ይናገራል። ትርኢቱ «ሁለተኛ እይታ» ተባለ። ምስጢሩ አባትየው ጥያቄውን በሚያዋቅርበት የቃል ምርጫ ውስጥ ነበር፤ ተመልካች ይህን ሲጠረጥር ደግሞ ጥያቄውን ትቶ ደወል ብቻ ወደ ማሰማት ተሻገረ። በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ አሜሪካዊው ዋሺንግተን ኧርቪንግ ቢሾፕ ዐይኑን ታስሮ የተደበቀ መርፌ ይፈልግ ነበር፤ የደበቀውን ሰው እጅ ይዞ እየሄደ፣ ያ ሰው ሳያውቀው በጡንቻው የሚሰጠውን ጥቂት እንቅስቃሴ እያዳመጠ ነው። ጆርጅ ቢርድ የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም ከቢሾፕ በፊት ይህን ያደርግ የነበረውን ጆን ራንዳል ብራውንን መርምሮ ነገሩን «ጡንቻ ማንበብ» ብሎታል። እንግዲህ በዚያ ትውልድ ዓለም ስለ ነርቭና ስለ አንጎል ማውራት ጀምሮ ነበር፤ ሜንታሊስቱም ያንኑ ልብስ ለበሰ።

ከዚያ በኋላ ዴንማርክ የተወለደው ጁሊየስ ዛንሲግና ባለቤቱ አግነስ «ሁለት ልብ፣ አንድ ሐሳብ» በሚመስል መጠሪያ ለንደንን አስደነቁ፤ ስለ ሐሳብ ማስተላለፍ፣ ማለትም ሐሳብን ያለ ቃል ከአንዱ ልብ ወደ ሌላው ስለ ማድረስ፣ ማኅበራት የሚመረምሩበት ዘመን ነበርና ብዙዎች እውነት ነው ብለው አመኑ። በ1943 ጆሴፍ ደኒንገር በአሜሪካ ሬዲዮ ገባ፤ እርሱ መናፍስት እንጠራለን የሚሉትን እያጋለጠ፣ የራሱን ግን ምን እንደሆነ ሳይፈታ ይተወው ነበር። በ1949 ደግሞ አውስትራሊያዊው ሲድኒ ፒዲንግተንና ባለቤቱ ሌዝሊ በቢቢሲ ሬዲዮ ተሰሙ። ሲድኒ ብልሃቱን የጀመረው በሲንጋፖር ቻንጊ በጃፓኖች እጅ የጦር ምርኮኛ ሳለ፣ የታሰሩትን ለማጫወት ነው። አንድ ጊዜ እርሱ በስቱዲዮ፣ ሌዝሊ በለንደን ግንብ ሆነው በስቱዲዮ የተመረጠ ዓረፍተ ነገር ተናግራለች። ዝግጅቱን የሚዘጉት «ፈራጆቹ እናንተ ናችሁ» በማለት ነበር። የእኛ ዘመን ሰው ዴረን ብራውን ከ2000 ጀምሮ በብሪታንያ ቴሌቪዥን ሲታይ የሚያደርገው ማሳሳትን፣ ሥነ ልቦናን፣ የሐሳብ ግፊትንና የመድረክ ብልሃትን ቀላቅሎ እንደሆነ በግልጽ ተናግሮ ነው የሚጀምረው።

እንግዲህ የተሻረው የኃይሉ ምክንያት ነው። ሁለተኛ እይታ ተሻረ፣ በነርቭ ተተካ፤ ነርቭ ተሽሮ ሐሳብ ማስተላለፍ ተሾመ፤ እርሱም ተሽሮ ሥነ ልቦና በወንበሩ ተቀመጠ። ወንበሩ ግን አለ። ከሁሉ የሚደንቀኝ ሥራው ራሱ እንኳ ሲወረስ መኖሩ ነው። በ2024 መጨረሻ በ89 ዓመቱ ያረፈው አሜሪካዊው ሜንታሊስት ክሬስኪን በየመድረኩ የራሱን የክፍያ ቼክ ተመልካቾች አዳራሹ ውስጥ እንዲደብቁለት አድርጎ፣ ካላገኘው ክፍያው እንዲቀርበት ተስማምቶ ይፈልገው ነበር። ይህ የቢሾፕ መርፌ ነው። በመካከላቸው መቶ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ አለ፤ ለክሬስኪን ተመልካች ግን ቼኩ አዲስ ነው።

ሰዋስው ወዳድ፦
ስለዚህ «ጊዜ የማይሽረው» በሹመት ትርጉሙ ሲወሰድ ግማሽ እውነት ይሆናል። ሐረጉ ሥልጣኑ ላይ ሳይነቃነቅ የቆየ አንድ አካል አለ ያሰኛል፤ የቆየው ግን ሥልጣኑ ነው። ለጽሑፉ «ጊዜ የሚሾመው» ቢባል ይሻል ነበር፤ ነገር ግን «ጊዜ የሾመው» በእኛ ዘንድ ለማይገባው ክብር የበቃን ሰው ስለሚያመለክት ነቀፋ ይሆናል።

መሪጌታ፦
በዚህ ተስማማሁ፤ «ጊዜ የሾመው» ለምስጋና አይሆንም። የጽሑፍህን ባለቤት አስተያየት ግን አልተቀበልኩትም። ጥበቡ በየትውልዱ ተፈላጊ ሆኖ የሚኖረው ባለሙያው ልብሱን ስለቀየረ ብቻ አይደለም። ሰው ልቡን የሚያውቅበት ማን እንደሆነ ይጠይቃል። መዝሙረኛው «ልብንና ኵላሊትን ትመረምራለህ» ያለው ለአንዱ ብቻ ነው። በመድረክ አንድ ሰው ተነሥቶ ያንን የሚመስል ነገር ሲያደርግ የሚሰማን መደንገጥ ከዚያ ይመነጫል፤ ያ ጥያቄ ከሰው እስካልጠፋ ድረስ ተመልካች አይጠፋም። ስለዚህ ለስሙ «ኅሊና መርማሪ» በለው።

መድረክ ተመልካች፦
መሪጌታ ያሉት ስለ መደንገጡ ልክ ነው። ስሙ ግን ችግር አለበት፤ ኅሊና በግእዝ ሐሳብ ቢሆንም የዛሬ አማርኛ አንባቢ ክፉንና ደጉን የሚለይ ዳኛ አድርጎ ነው የሚሰማው። «ኅሊና መርማሪ» ቢባል ኃጢአት የሚያናዝዝ ሰው ይመስላል። «አእምሮ አንባቢ» የሚለውም ቢሆን አእምሮ በመሠረቱ ማወቅ ማለት ስለሆነ ትክክል ባይሆንም፣ ሰው ሁሉ የሚረዳው እርሱን ነው። እኔ «ሐሳብ አንባቢ» እመርጣለሁ።

መሪጌታ፦
«ኅሊና» በብዙኃኑ ኀ እንዲጻፍ አሳስባለሁ፤ በዚህ ውይይት በትክክል ስለ ተጻፈ አመሰግናለሁ። «አንባቢ» ግን የተጻፈ ነገር ይሻል፤ ሐሳብ አልተጻፈም።

ትርጉም ሠሪ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐረጉን ትቼ ዓረፍተ ነገሩን እንዲህ ላስተካክለው አሰብኩ፦ «ሐሳብ አንባቢዎች የኃይላቸውን ምንጭ በየትውልዱ በሌላ ስም ቢጠሩትም፣ ሰው በልቡ የያዘው ነገር ሲታወቅበት የሚሰማው መደነቅ አልተሻረም።» ምን ትሉኛላችሁ?

ሰዋስው ወዳድ፦
«አልተሻረም» በቦታው ነው። «ሲታወቅበት» ላይ ግን ላቁምህ። «-በት» ጉዳትን ያመለክታል፤ «ታወቀበት» የምንለው የደበቀው ለተገኘበት፣ ለተያዘ ሰው ነው። ይህ ለደኒንገርና ለዴረን ብራውን ተመልካች ይሆናል፤ እርሱ ሊፈትን መጥቶ ይያዛልና። በአሌክሳንደር ዘመን ፖስታ ያሸገችው ሴት ግን ስለ ጠፋ ወንድሟ ወይም ስለ ትዳሯ ጽፋ፣ ጭንቀቷ እንዲታወቅላት ነበር የመጣችው። ለእርሷ «ሲታወቅላት» ነው የሚባለው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለቱን ትውልድ መያዝ ከፈለግህ ቅጥያውን አንሥተህ «ሲታወቅ» ብቻ በል።

መሪጌታ፦
ቅጥያው ከተነሣ መደንገጡም አብሮ ይነሣል። «ሲታወቅበት» ይቆይ፤ የአሌክሳንደሯንም ሴት ቢሆን፣ ያላወራችውን ሰው ሲያውቅባት በመጀመሪያ ደንግጣ ነው በኋላ የተጽናናችው።