ከሸቤ ወደ ጎጀብ የሚያወርድ የእግር መንገድ የምታውቁ
ሰላም ወገኖች። ነዋሪነቴ ጅማ ነው። ጅማንና ካፋን የሚለየውን የጎጀብ ወንዝ በብስክሌትና በእግር ሄጄ ማየት እፈልጋለሁ።

ከጅማ በሰቃ አድርጎ እስከ ሸቤ ያለው መንገድ ለብስክሌት ግሩም ነው። አረንጓዴው ብቻውን ድካም ያስረሳል። ችግሩ ከሸቤ በኋላ ነው። ቁልቁለቱ ረጅም ነው። በብስክሌት ልወርደው ስሞክር የፍሬኑ ጎማ ተበልቶ አለቀና ብረቱ ቸርኬውን ይፍቀው ጀመር፤ የጎማው ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። በአይሱዙ ተጭኜ ተመለስኩ። የፍሬኑን ጎማ አስቀይሬያለሁ፤ ግን ኩርባው ላይ ከባድ መኪና ከኋላ ሲመጣ መሸሻ የለም።

አሁን ብስክሌቱን ሸቤ በአደራ አስቀምጬ፣ ውሃና በሶ ይዤ በእግር ልወርድ ነው። በሚኒባስ እስከ ጎጀብ ድልድይ ድረስ መሄድ ይቻላል፤ ግን አገር በመስኮት አይታይም።

ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ገበያተኛ የሚሄድበት የእግር መንገድ ከሸቤ በየት በኩል ይጀምራል?