የቆሮሶ ልብ ላይ ክሮማፊን ሴል አይታይም፤ ለምን?

ስላይድ_ጅማ
ሰላም ለሁላችሁ። ለተግባር ትምህርት ስላይድ ማዘጋጀት ነው ጉዳዩ። ከግልገል ጊቤ ግድብ የመጣ የቆሮሶ ልብ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ አድሮ በማግስቱ ፖታሲየም ዳይክሮሜት ውስጥ ገባ። ቡናማ ሴል አንድም የለም። የጥንታዊ ዓሦች ልብ ክሮማፊን ሴሎች፣ ማለትም አድሬናሊን የሚያከማቹና በዳይክሮሜት ቡናማ የሚሆኑ ሴሎች፣ አሉት ይባላል። ታዲያ ጥፋቱ የኬሚካሉ ነው ወይስ የዓሣው? ዓሣው ጅማ የሚደርሰው ከተጠመደ ከሰዓታት በኋላ መሆኑንም ልብ በሉ።

ክንፈ_ዓሣ
በመጀመሪያ የዓሣው ነው። ያ የሚባለው ስለ ሃግፊሽና ላምፕሬይ ነው፤ መንጋጋ የሌላቸው ዓሦች። እ.ኤ.አ. በ1960 ኡልፍ ፎን ኦይለር ያለበት የስዊድን ቡድን ልባቸው ውስጥ አድሬናሊንና ኖርአድሬናሊን በጥቃቅን ቅንጣት አሽገው የያዙ ሴሎች እንዳሉ አሳየ። የሃግፊሽን ልብ የሚያዝ ነርቭ አይታወቅም፤ ስለዚህ ማነቃቂያው እዚያው ጡንቻው አጠገብ ተቀምጧል። ላምፕሬይ ደግሞ ግራ ያጋባል፦ ከአንጎል ወደ ልብ የሚወርደው ቫገስ ነርቭ የእኛን ልብ ሲያዘገይ የእሱን ያፈጥናል።

ቆሮሶ እንዲህ ያለ ክምችት በልቡ የለውም። የእሱ ክሮማፊን ሴሎች የራስ ኩላሊት በሚባለው ክፍል፣ ከኋላ ወደ ልብ ደም በሚመልሰው ትልቅ ሥር ግድግዳ ላይ ናቸው። ከስንጥቡ ኋላ፣ ከአከርካሪው በታች ያለውን ጥቁር ቀይ ሥጋ ከነደም ሥሩ ቁረጡ።

ቡናማ_ቀለም
ኬሚካሉም ነፃ አይደለም። ቡናማው የሚመጣው ዳይክሮሜት ሆርሞኑን ሲያኦክሳይድ ነው። ሆርሞኑ ከሴሉ ከወጣ ምንም አይቀርም። በአየር እጦት እየተንፈራገጠ የሚሞት ዓሣ ደግሞ ክምችቱን ወደ ደሙ ይለቃል፤ ሰዓታት ሲጨመሩበት የቀረውም ይበላሻል። ስለዚህ በሕይወት ያለ ዓሣ አስመጡ፤ ጭንቅላቱን በአንድ ምት መትታችሁ በደቂቃዎች ውስጥ ቁረጡ።

መንከሪያው፦ 2.5 ግራም ፖታሲየም ዳይክሮሜትና 1 ግራም ሶዲየም ሰልፌት በ100 ሚሊ ሊትር ውኃ። ሥጋው ሊገባ ሲል 10 ሚሊ ሊትር ያልተበረዘ ፎርማሊን ጨምሩበት፤ ቀድሞ የተቀላቀለ ይጠቁራል፣ አይጠቅምም። ቁራጩ ከ3 ሚሊ ሜትር አይወፍር፣ 24 ሰዓት ይቆይ። አሲድ ያለበት መንከሪያ፣ ቡዌንን ጨምሮ፣ እዚህ አይሆንም። ከዚያ በሚፈስ ውኃ ሌሊቱን ሙሉ ይታጠብ። ሳይታጠብ አልኮል ውስጥ ከገባ የክሮም ዝቃጭ ሥጋው ላይ ይቀራል፣ እሱንም ሴል ነው ብላችሁ ትቆጥራላችሁ። ኢዮሲን የተባለውን ቀይ ማቅለሚያ አትጠቀሙ፤ ቀዩ ቡናማውን ይውጠዋል።

ዳይክሮሜት ካንሰር አምጪ ነው፦ ጓንት አይለይ፣ ትርፉም ምልክት በተደረገበት ዕቃ እንጂ በመታጠቢያው አይደፋ።

ክንፈ_ዓሣ
አንድ ወጥመድ ልጨምር። የራስ ኩላሊት ውስጥ ሜላኒን (ጥቁር ቡናማ ቀለም) የያዙ በላተኛ ሴሎች፣ ማለትም ባዕድ ነገርና ቆሻሻ የሚውጡ ሴሎች፣ በክምችት ይገኛሉ፤ ያለ ዳይክሮሜትም ቡናማ ናቸው። ከዚያው ዓሣ ሌላ ቁራጭ በፎርማሊን ብቻ አዘጋጁና ጎን ለጎን እዩ። በሁለቱም ላይ ቡናማ የሆነው ክሮማፊን አይደለም።

ጥልቅ_ውኃ
«ጥንታዊ» የሚለው ቃል ላይ ግን ጠንቀቅ እንበል። በሳንባ የሚተነፍሱት የአፍሪካ ዓሦች ከቆሮሶ ይልቅ ለእኛ ይቀርባሉ፣ እነሱም ልባቸው የላይኛ ክፍል ውስጥ ክሮማፊን ሴል አላቸው። ስለዚህ ነገሩ የኋላ ቀርነት ምልክት ብቻ ተደርጎ አይነገር። የዛሬው ሃግፊሽም የማንም አያት አይደለም።

ስላይድ_ጅማ
አመሰግናለሁ። ውኃ በሌሊት ቢቋረጥስ?

ቡናማ_ቀለም
ትልቅ ብርጭቆ ውስጥ ውኃውን በየግማሽ ሰዓቱ ለውጡት፣ ቢጫ መልቀቁን እስኪያቆም። የመጀመሪያዎቹን ውኃዎች ግን ከትርፉ ጋር አጠራቅሙ።