ሃርድ ቶፕ 5 ሳንቲም ከፍ ካለ በኋላ ካስተሩ 0.5 ዲግሪ ገባ፤ ቡሽ ይሻላል ወይስ ብራኬት?

ሃርድቶፕ_78

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናው ላንድክሩዘር 78 ሃርድ ቶፕ ነው። ፊት ሞላው፣ ኋላ ባሌስትራው ተቀይሮ ሁለቱም 5 ሳንቲም ከፍ ብለዋል። ጎማው 285/75 አር16። ከዚያ ወዲህ በአዳማው ፈጣን መንገድ ከ80 ሲያልፍ ይዋልላል፣ ከባድ መኪና አጠገቡ ሲያልፍ ይገፋዋል፣ ከመታጠፊያ በኋላም መሪው በራሱ አይመለስም። አላይመንት ሲታይ ካስተር (ጎማው የሚታጠፍበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ያለው ዝንባሌ) ግራ 0.4፣ ቀኝ 0.6 ዲግሪ ወጣ፤ ቶ-ኢን (የፊት ጎማዎቹ ጫፍ ወደ ውስጥ መዝጋቱ) ልክ ነው። «ካስተሩ በዚህ መኪና አይስተካከልም» ተባለ። መፍትሔው ኤክሰንትሪክ ቡሽ (ቀዳዳው ከመሃል የወጣ ቡሽ) ነው ወይስ ሻሲው ላይ የሚገባ ማውረጃ ብራኬት? ስንት ዲግሪስ ላይ ላድርሰው?

የፊት_አክስል

የተባለው እውነት ነው። የፊቱ አክስል ደረቅ (ግራና ቀኙ አንድ ወጥ) ስለሆነ ለካስተር የሚዞር ቡሎን የለውም፤ የሚለወጠው ዕቃ በመቀየር ብቻ ነው።

የጠፋበት ምክንያት ይኸው ነው። ሁለቱ ራዲየስ አርሞች ከአክስሉ ተነስተው ወደ ኋላ ሻሲው ላይ ይታሰራሉ። ሻሲው ሲነሳ የአርሙ የኋላ ጫፍ አብሮ ይነሳል፣ አክስሉም ወደ ፊት ይንከባለላል፤ የኪንግፒኑ (ጎማው ግራና ቀኝ የሚታጠፍበት ዘንግ) አናት ወደ ፊት ይሄድና ካስተር ይቀንሳል። ምን ያህል እንደጠፋ ለማወቅ የከፍታውን ጭማሪ ከአክስሉ መሃል እስከ አርሙ የኋላ ቡሽ ባለው ርቀት አካፍለህ በ57.3 አባዛው። ርቀቱ 1 ሜትር ቢሆን 50 ሚሊ ሜትር ወደ 2.9 ዲግሪ ይወስዳል። በሜትር ለክተህ አስላው፤ የምትገዛውን ቡሽ የሚወስነው ይህ ቁጥር ነው።

ለ5 ሳንቲም ኤክሰንትሪክ ቡሽ ይበቃል። በእያንዳንዱ አርም የአክስል ጫፍ ሁለት ቡሾች አሉ፤ አንዱ ከአክስሉ ፊት፣ ሌላው ከኋላው። በብዛት የሚሸጡት ከ2 እስከ 2.5 ዲግሪ ይመልሳሉ፤ ያ ወደ 3 ዲግሪ ያደርስሃል። በሰፊ ጎማ ግብህ ከ3 እስከ 4 ይሁን። ከ5 ካለፈ መሪው ይከብዳል፣ ጎማ የማርገብገብ ችግርም ካለ ያባብሰዋል።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው አገጣጠሙ ላይ ነው። የፊተኛው ቡሽ ቀዳዳ ከመሃል ወደ ላይ፣ የኋለኛው ወደ ታች መዋል አለበት። ከተገለበጠ 2 ዲግሪ መጨመሩ ቀርቶ 2 ዲግሪ ይቀንስና መኪናው ለመንዳት አደገኛ ይሆናል። ስለዚህ ቡሹ ፕረስ ላይ ከመውጣቱ በፊት አርሙ ላይ «ላይ» እና «ፊት» ብለህ በማይጠፋ ቀለም ምልክት አድርግ። አሮጌውን በመዶሻ አታስመታ፣ የአርሙ ቀለበት ይሞላለላል። አርሞቹን አንድ በአንድ አውርድ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከወረዱ አክስሉ ይሸሽና ቀዳዳ ማገናኘት ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። ቡሎኖቹን ግን ክሪክ ላይ ሳለ አታጥብቅ። መኪናው መሬት ወርዶ፣ ጥቂት ከተወዘወዘ በኋላ በቶርክ መፍቻ በመመሪያው ልክ ይጠበቁ። በአየር ላይ ከጠበቁ የጎማ ቡሹ ተጠምዝዞ ይቀራል፣ በጥቂት ወራት ውስጥም ይቀደዳል።

ለመጠማዘዝ ቦታ ስለሚሰጥ እኔ ከፖሊዩሬቴን (ጠንካራ ፕላስቲክ መሰል) ቡሽ ይልቅ የጎማ ቡሹን እመርጣለሁ። ፖሊው ደርቆ ስለሚይዝ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ አክስሉን እንደልቡ አያላውሰውም።

ክሮቸራ

ዕቃ ከመግዛትህ በፊት የኪንግፒን ኩሽኔቶቹን እይ። ጎማውን አውልቅ፣ የመሪውን ዘንግ ቴስቲና (የጫፍ መገጣጠሚያ) ፍታና ናክሉን (ጎማው የሚታሰርበትን የሚታጠፍ ክፍል) በእጅህ ግራና ቀኝ አዙረው። ከጫፍ ጫፍ እኩል የሆነ ለስላሳ ክብደት ሊኖረው ይገባል። ቀጥታ ቦታው ላይ ሲደርስ «ቀጭ» ብሎ ከያዘ ኩሽኔቱ ጉድጓድ አውጥቷል፤ መሪው የማይመለሰው በከፊል በዚያም ሊሆን ይችላል። ልቅ ከሆነ ደግሞ በሺም (በስስ የብረት ማስተካከያ) ይጠበቃል። የፓንሃርድ ዘንጉን (አክስሉ ወደ ጎን እንዳይሸሽ የሚይዘውን) ቡሾችም ሰው መሪ እያወዛወዘልህ ከታች ሆነህ ተመልከት። እነዚህ እያሉ ካስተር ብቻ ብታስተካክል ግማሽ ሥራ ነው።

ባሌስትራ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ ግን ብራኬቱን በአንድ ቃል መጣል አይገባም። ቡሽ ካስተሩን ይመልሳል እንጂ የአርሙን ዝንባሌ አይመልስም፤ አርሙ ተዳፍቶ ስለሚቀር በኮሮኮንች ላይ ፊቱ ይደነድናል። ብራኬት የአርሙን የኋላ ጫፍ ስለሚያወርድ ሁለቱንም ያስተካክላል። ዋጋው ግን ከሥር ያለው ክፍተት ነው፤ ልክ ከፊት ጎማ ኋላ ተንጠልጥሎ ድንጋይ ይመታል። ከ7.5 ሳንቲም በላይ ለተነሳ መኪና ልታስብበት ትችላለህ። ለ5 ሳንቲም ግን እኔም ቡሽ እላለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ አትደርብ፤ ካስተሩ ያልፍብሃል።

ሃርድቶፕ_78

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ግራና ቀኙ በ0.2 መለያየቱ ያሳስባል? ደግሞ መኪናው ብዙ ጊዜ ኋላው ዕቃና የነዳጅ ጀሪካን ተጭኖ ነው የሚሄደው፤ ልኬቱ ባዶውን ነው የተወሰደው።

የፊት_አክስል

0.2 ምንም አይደለም። ልዩነቱ ከ0.5 በጣም ካለፈ የአክስል ቤቱ ተጣሞ ሊሆን ይችላል፤ ያኔም ግራና ቀኝ የተለያየ ቡሽ አስገብቶ ለማቃናት መሞከር አይገባም፣ አክስሉን እየጠመዘዘ ቡሹን ይበላል።

ጭነቱን ማንሳትህ ጥሩ ነው። የመኪናህ ዊልቤዝ 2980 ሚሊ ሜትር ነው፤ ኋላው 50 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ካስተር 1 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ባዶውን 3 ላይ ብታደርገው ሲጫን 4 ይሆናል፣ ለዚህ መኪና የሚስማማውም እሱ ነው። የመጨረሻውን ልኬት የዘወትር ጭነቱን ጭነህ አስወስድ። ማሽን ከሌለ ጎማውን በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ 20 ዲግሪ ወደ ውጭ፣ ከዚያ 20 ወደ ውስጥ አዙረህ የካምበሩን (ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ጎን ያለው ዝንባሌ) ልዩነት በ1.5 አባዛው፤ ካስተሩ እሱ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ካስተሩ ሲመለስ የፊት ዲፍረንሻል አፍንጫ ወደ ታች ይወርዳልና የፕሮፔለር ሻፍቱ ክሮቸራ (የሚተጣጠፈው መገጣጠሚያ) የበለጠ ይታጠፋል። ፍሪ ሃቡ (የፊት ጎማውን ከአክስሉ የሚያላቅቀው) ክፍት ሆኖ በ2ኤች (በኋላ ጎማ ብቻ) ስትሄድ ሻፍቱ ስለማይዞር አይሰማህም። ሃቡን ቆልፈህ በአፈር መንገድ በ4ኤች (በአራቱም ጎማ) 60 ላይ ሞክረው። ያኔ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ችግሩ ሻፍቱ ላይ ነው፤ ካስተሩን ግማሽ ዲግሪ ማውረድ ወይም ባለ ድርብ ክሮቸራ ሻፍት መፈለግ ያስፈልግሃል።